ሽንኩርቱ የት ገባ?



ተማሪ በመጽሔት ላይ ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ስለ ሌላው ጥፋት ነው፤ ስለ አስተዳደሩ፥ ስለ ወጡ መቅጠን፥ ስለ ውኃው መጥፋት። እኛም ከዚህ ቀደም በዚሁ መንገድ ጽፈናል። ዛሬ ግን ብዕር ያነሣነው ስለ ራሳችን ጥፋት ለመናገር ነው። አምስት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ነን። በመመረቂያ ሥራችን ምክንያት ምንም ያላጠፉ አንዲት እናት በስርቆት ሊጠረጠሩ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ከዚህ ግቢ ልንወጣ የቀሩን ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ስለ ሆኑ፥ ነገሩን በሆዳችን ይዘነው ከምንሄድ፥ ከእኛ ቀጥለው ይህንኑ ሥራ ለሚጀምሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነግረን መሄዱን መረጥን። በዚያውም «አጃይል» እየተባለ በየክፍሉ ስሙ ስለሚነሣው የሶፍትዌር አሠራር የገባንን ያህል እንናገራለን።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ወር ነው። ለመመረቂያ የሚሆን ርእስ ስንፈልግ የተማሪዎች ምግብ ቤት ግምጃ ቤት ታሰበን። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፥ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴት፥ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፥ ሲወጣ በሞዴል 22 ይጽፋሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ በእጃቸው ይገለብጣሉ። ይህን በኮምፒዩተር ብንሠራላቸው የእርሳቸው ድካም ይቀላል፥ እኛም ጥሩ ማርክ እናገኛለን ብለን ተስማማን። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ያሳስበን እንደ ነበር ዛሬ ብንጠየቅ መልሱን ለመናገር እናፍራለን።

አሠራራችን ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር። በመጀመሪያ የባለጉዳዩን ፍላጎት በሙሉ ጠይቆ መጻፍ፤ ቀጥሎ ንድፍ ማውጣት፤ ከዚያ ፕሮግራሙን መጻፍ፤ ከዚያ መፈተሽ፤ በመጨረሻም ማስረከብ። እትዬን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን አነጋገርናቸው፤ የነገሩንን ጻፍን፤ 84 ገጽ ያለው ሰነድ አዘጋጅተን ወሰድንላቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ገጽ ካነበቡ በኋላ «እግዜር ይባርካችሁ ልጆቼ» ብለው በመጨረሻው ገጽ ላይ ፈረሙልን። ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ የካቲት ድረስ ወደ ግምጃ ቤቱ ዝር አላልንም። ምን ልናደርግ እንሄዳለን? ፍላጎታቸው በሰነዱ ተጽፎ፥ ፊርማቸውም አርፎበት በእጃችን ነበርና።

በየካቲት ወር ፕሮግራሙ አለቀ። የሦስት ወር ሞዴሎችን ተቀብለን አስገባን። ማሳያው ያማረ ነበር፤ በየቀለሙ የተሳለ ሰንጠረዥ፥ በየወሩ የሚወጣና የሚወርድ መሥመር ነበረው። እትዬ ባዩት ጊዜ «እሰይ! እንዴት ያምራል!» ብለው አጨበጨቡልን። እኛም በደስታ ሪፖርቱን አትመን አንዱን ቅጂ ለእርሳቸው፥ አንዱን ከላይ ላለው ቢሮ ሰጠን። በዚያ ሪፖርት ላይ ከብዙ መሥመሮች መካከል አንዱ በቀይ ታትሞ ነበር። «ሽንኩርት፤ ጎደሎ፤ 2 ኩንታል ከ40 ኪሎ» ይላል። እኛ ግን ቀዩ ቀለም በትክክል መታተሙን እንጂ የተጻፈውን አላስተዋልንም።

ከአራት ቀን በኋላ እትዬ ስለ ጎደለው ሽንኩርት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ መጠየቃቸውን ሰማን። ሮጠን ሄድን። በዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጠው፥ መዝገባቸውን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፥ ወረቀት በወረቀት ያገላብጡ ነበር። አልተቆጡንም። «ልጆቼ፥ ሽንኩርት እኮ ይደርቃል፤ ይበሰብሳል። አሥር ኩንታል የገባ አሥር ኩንታል ሆኖ አይወጣም። እናንተ ግን አልጠየቃችሁኝም» አሉን። በየወሩ መጨረሻ የበሰበሰው ተለቅሞ ይመዘናል፤ ሦስት ሰዎች በቃለ ጉባኤ ይፈርሙበታል፤ ከዚያ ይጣላል። ይህ ሁሉ በአንድ አሮጌ ፋይል ውስጥ ነበር። ያ ፋይል ተገኘና እትዬ ከነገሩ ነጻ ወጡ። ባይገኝ ኖሮ የጎደለው ከደመወዛቸው ይቆረጥ ነበር፤ ከገንዘቡ ይልቅ ደግሞ የስማቸው ነገር ይከፋ ነበር። በእኛ 84 ገጽ ውስጥ «የበሰበሰ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

በዚያች ሌሊት ማናችንም አልተኛንም። አንዱ «እርሳቸው ባይነግሩን የማን ጥፋት ነው?» አለ። ሌላው «ፈርመዋል እኮ» አለ። ሦስተኛው ግን «ሽንኩርት እንደሚበሰብስ ለሰው መንገር ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ማን ነው?» ብሎ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። በእውነትም ሰው በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ ሲጠየቅ ዋናውን ነገር አይናገርም፤ ለእርሱ እንደ አየር ነውና። የሚናገረው ሲሳሳቱበት አይቶ ነው።

ይህን ስንነጋገር ነው ቀድሞ ለፈተና ብቻ ያጠናነው የአጃይል ትምህርት ትዝ ያለን። ማስታወሻችንን አውጥተን እንደ አዲስ አነበብነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእኛ ስሕተት አዲስ አለመሆኑን ስናውቅ ትንሽ ተጽናናን። ገና በ1968 በጀርመን አገር በጋርሚሽ ከተማ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ትልልቅ ፕሮግራሞች በጊዜያቸው እንደማይደርሱ፥ ቢደርሱም የተፈለገውን እንደማይሠሩ ተነጋግረው ነበር። በ1970 ዊንስተን ሮይስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከፍላጎት ወደ ንድፍ፥ ከንድፍ ወደ ጽሕፈት፥ ከጽሕፈት ወደ ፍተሻ የሚወርደውን አሠራር በሥዕል አሳየ፤ በኋላም ሰዎች «የፏፏቴ አሠራር» ብለው ጠሩት። የሚያስደንቀው ግን ሮይስ ራሱ በዚያው ጽሑፍ ላይ፥ አሠራሩ እንዲሁ እንዳለ ቢፈጸም አደገኛ መሆኑን መጻፉ ነው። ፍተሻው የሚመጣው በመጨረሻ ስለ ሆነ ስሕተቱ የሚታወቀው ጊዜውና ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነውና። ብዙ ሰው ሥዕሉን ወሰደ፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ተወው።

የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፥ ኤፍ.ቢ.አይ.፥ የምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ያሠራውን ፕሮግራም 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካፈሰሰበት በኋላ በ2005 ትቶታል። በ2006 «ሴንቲነል» የተባለውን ሁለተኛ ሙከራ ጀመረ፤ እርሱም ሲጓተት በ2010 ቢሮው ሥራውን በራሱ እጅ ወስዶ፥ በአጭር በአጭር ጊዜ ከፋፍሎ በአጃይል አሠራር ቀጠለና በ2012 ሥራ ላይ አዋለው።

አጃይል የሚለው ስም ለዚህ አሠራር የተሰጠው በየካቲት ወር 2001 ነው። 17 የፕሮግራም ባለሙያዎች በአሜሪካ በዩታ ክፍለ ሀገር፥ ስኖውበርድ በሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ ተሰብስበው አንድ አጭር መግለጫ አወጡ። ኬንት ቤክ፥ ኬን ሽዋበር፥ ጄፍ ሰዘርላንድና ማርቲን ፋውለር ከመካከላቸው ነበሩ። የመግለጫው ሐሳብ በእኛ አነጋገር ሲጠቀለል እንዲህ ነው። ደንብና መሣሪያ ጥሩ ነው፤ የሰዎች መነጋገር ግን ይበልጣል። ሰነድ ጥሩ ነው፤ የሚሠራ ፕሮግራም ግን ይበልጣል። ውል ጥሩ ነው፤ ከባለጉዳዩ ጋር አብሮ መሥራት ግን ይበልጣል። ዕቅድ ጥሩ ነው፤ ነገሩ ሲለወጥ አብሮ መለወጥ ግን ይበልጣል። ልብ በሉ፤ ዕቅድና ሰነድ ይጣሉ የሚል የለበትም። እትዬን ያዳናቸው ሰነድ መሆኑን እኛ አንረሳም።

ይህን ሐሳብ በሥራ ላይ ለማዋል ከወጡት ሥርዓቶች በብዛት የሚሠራበት «ስክረም» የሚባለው ነው። ስሙ የተወሰደው ከራግቢ ጨዋታ ነው፤ በዚያ ተጫዋቾች ተያይዘው ኳሱን ለማግኘት አብረው ይገፋሉና። ሥርዓቱ ሲታይ ቀላል ነው። የሚሠራው ነገር ሁሉ በዝርዝር ይጻፋል፤ ከሁሉ የሚያስፈልገው ከላይ ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስን አንድ ሰው ይኖራል። ቡድኑ ከዝርዝሩ ራስ ላይ የሚችለውን ያህል ወስዶ ከአንድ ወር በማይበልጥ፥ ብዙዎች እንደሚያደርጉት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠርቶ ይጨርሳል። ይህ ጊዜ ስፕሪንት ይባላል። በየቀኑ ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ ንግግር ያደርጋሉ። በስፕሪንቱ መጨረሻ የተሠራውን ለባለጉዳዩ ያሳያሉ። ከዚያም ለብቻቸው ተቀምጠው «አሠራራችን የት ላይ ተበላሸ?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ቀጥሎም እንደገና ይጀምራሉ።

እኛም ወደ አስተማሪያችን ሄደን ነገሩን ሳንደብቅ ተናገርን። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለውን ጊዜ ሰጡን። የመጀመሪያው ሥራችን ግን ፕሮግራም መጻፍ አልነበረም። ተራ በተራ እየሄድን ግምጃ ቤቱ ውስጥ አንድ አንድ ጧት ዋልን፤ ኩንታል ተሸከምን፤ ሚዛን ያዝን። በእነዚያ አምስት ጧቶች ያየነው በ84 ገጽ ከጻፍነው ይበልጥ ነበር። ዘይት በጀሪካን ይገባል፥ በጆግ ይወጣል። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ሽሮውን ጧት ትወስዳለች፤ ሞዴል 22 ላይ የምትፈርመው ግን ማታ ነው፤ ስንት ተማሪ እንደሚበላ ጧት አይታወቅምና። የእኛ ፕሮግራም ደግሞ «ፊርማ ከሌለ ዕቃ አይወጣም» ብሎ የሚከራከር ነበር። በእርሱ ቢሠራ ኖሮ ምሳ ለእራት ይደርስ ነበር።

ከዚያ በኋላ እትዬን «ከሁሉ የሚያስጨንቅዎ የትኛው ነው?» ብለን ጠየቅን። ሳያመነቱ «ሽንኩርት!» አሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ሽንኩርትን ብቻ ሠራን። የገባ፥ የወጣ፥ የተበላሸ፥ የቀረ፤ በቃ። ቀለም የለው፥ ሥዕል የለው። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ወስደን እያፈርን አሳየናቸው።

ያን ጊዜ የሆነውን አንረሳውም። በየካቲት ያጨበጨቡልን እትዬ በዚህች ትንሽና ባዶ ገጽ ፊት እንደ መምህር ሆኑ። «ቀኑን የምጽፈው የት ነው? ይህ ፊደል ለኔ ዓይን ነው? የተበላሸውን ብቻዬን ጽፌ ማን ያምነኛል? የሦስቱ ሰዎች ስም የት አለ?» እያሉ ዘጠኝ ስሕተት ቆጠሩልን። እኛም ያን ዕለት አንድ ነገር ገባን። ያለቀ ነገር ያመሰገኑት እኛን ላለማሳፈር ነበር። አምስት ልጆች አራት ወር ደክመው ያመጡትን ነገር የትኛዋ እናት «አይረባም» ትላለች? ያላለቀ ነገር ስናመጣ ግን አፋቸው ተፈታ። ያለቀ ሥራ ይመሰገናል፤ ያላለቀ ሥራ ይታረማል። በእኛ አገር ጨዋነት ይህ ከየትኛውም አገር የበለጠ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ከመካከላችን አንዱ ወደዚህ ትምህርት ከመግባቱ በፊት በጎጃም ቅኔ የቆጠረ ነው። ይህን ሲያይ ሣቀና «ይህንማ አውቀዋለሁ» አለን። የቅኔ ተማሪ ከመወድስ አይጀምርም፤ የሚጀምረው በሁለት ቤት ከምታልቀው ከጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና አጭር ናት፤ ይሁን እንጂ የመወድስ ቁራጭ አይደለችም፤ ራሷን የቻለች ሙሉ ቅኔ ናት። ተማሪው እርሷን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተጣመመውን ያቃናሉ፤ ተማሪው ታርሞ ይመለስና ሌላ ይቆጥራል። እንዲህ እያለ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይወጣል። የኛ የሽንኩርት ገጽም እንዲሁ መሆን ነበረባት። ሥራን መከፋፈል ማለት የቤቱን ግድግዳ ዛሬ፥ ጣራውን የከርሞ ሰው ማድረግ አይደለም፤ ትንሽም ቢሆን ሰው ዛሬ ሊገባበት የሚችል ጎጆ መሥራት ነው።

ለየቀኑ 15 ደቂቃ በቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር እንቆም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም «ጥሩ ነው፤ እየሄደ ነው» እያልን ተለያየን። በስድስተኛው ቀን አንድ ጓደኛችን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፥ የጀሪካኑን ወደ ሊትር መለወጫ መሥራት አቅቶት አምስት ቀን ሙሉ አንዲት መሥመር እንዳልጻፈ ተናገረ። ሌላዋ ጓደኛችን አብራው ተቀምጣ በግማሽ ሰዓት ፈታችው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ትርጉሙን ግን ከዚያ ዛፍ ሥር ተማርነው። ከዚያ ቀን በኋላ ንግግራችን ተለወጠ፤ «የያዘኝ ነገር ይህ ነው» ማለት ነውር መሆኑ ቀረ።

ሁሉ ነገር አማረ ማለታችን ግን አይደለም። በአራተኛው ስፕሪንት ያ በቀለም ያሸበረቀ ሰንጠረዥ እንዲወጣ ተወሰነ፤ እትዬ አንድ ቀን እንኳ አልከፈቱትምና። የሠራው ጓደኛችን ሦስት ሳምንት ደክሞበት ስለ ነበር ሁለት ቀን አኮረፈን። የገዛ እጅን ሥራ በሌላ ሰው ጥቅም ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለን። ሁለታችን በክረምት ለልምምድ በሄድንበት አንድ መሥሪያ ቤት አጃይል አለ ተብሎ በግድግዳው ላይ ባለቀለም ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ጧት ጧትም ሁሉም ይቆማል። ነገር ግን ቋሚው ሁሉ የሚናገረው ወደ አለቃው እያየ ነበር፤ የዘገየ ሰው በሰው ፊት ይወቀሳል። ስለዚህ ሁሉም «ደርሷል» ይላል፤ የደረሰ ግን የለም። ፕሮግራሙን የሚጠቀምበትን ሰው በሁለት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላየነውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው፥ ስሙን ከመጠምጠማቸው በፊት ነገሩን ቢማሩት በተሻለ ነበር። እውነት የሚናገር ሰው የማይቀጣበት ቦታ ከሌለ፥ ስፕሪንቱም ቁመቱም ከሥራ መዝገብ ፊርማ አይለይም።

እንግዲህ የእኛ ነገር እንዴት እንዳለቀ ተናግረን እናብቃ። ሰኔ ሲገባ ፕሮግራማችን የሚይዘው በግምጃ ቤቱ ካሉት ከ60 በላይ የዕቃ ዓይነቶች 14ቱን ብቻ ነበር። ሰነዳችንም ቀጭን ነበር፤ ፈታኞቻችን ስለዚሁ ጠየቁን፤ ያሰብነውን ማርክ አላገኘንም። የፈታኞቹ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ ከኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ሥራውን የሚቀጥለው በጽሑፍ ነውና፥ የቀረንን ሰነድ አሁን እየጻፍን ነው። ነገር ግን እትዬ ማታ ማታ ያን ገጽ ይከፍታሉ። መዝገባቸውን ገና አልተዉም፤ ሁለቱን ያስተያያሉ። እኛም አላስተዋቸውም። አንድ ጊዜ በቀይ ከሰስናቸው፤ እስኪያምኑን ድረስ የመጠበቅ መብት አላቸው።

በመጨረሻው ዐርብ ልንሰናበታቸው ስንሄድ «ለመሆኑ የቀረውን ማን ይሠራዋል?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ እናንተ እናስተላልፋለን። በመጪው ዓመት የመመረቂያ ሥራ የምትጀምሩ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ዝርዝሩ በእጃችን ነው፤ በራሱ ላይ ያለው በርበሬ ነው። የምትቀበሉት እንደ ሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ግምጃ ቤቱ ሂዱ፤ ኩንታል ተሸከሙ፤ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ ያላለቀ ነገር ይዛችሁ እያፈራችሁ ግቡ። እትዬ ዐርብ ከሰዓት በኋላ አሉ።